ድሪቶ፦ የእራፊ ጨርቅ ታሪክ በምዕራብ ወሎ ደጋ

የአገራችን የልብስ ታሪክ ሲነገር ልማዱ ከላይ መጀመርና እዚያው ላይ መቅረት ነው። የነገሥታቱ ካባ ላንቃ፣ የመኳንንቱ የሐር እጀ ጠባብ፣ የካህናቱ ልብሰ ተክህኖ፣ የወይዛዝርቱ ጥልፍ ቀሚስ በየዜና መዋዕሉና በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥዕል ላይ ተመዝግቦ ይገኛል። ገባሩ፣ ጭሰኛው፣ እረኛውና የቆሎ ተማሪው ለብሶት የኖረው ግን በአንዲት ቃል ታልፎ ይቀራል፤ ድሪቶ። ቃሉ ከተነገረ ወዲያ ጠያቂ የለም። ምን ዓይነት ጨርቅ በምን ላይ ተሰፋ፣ የትኛው ቁራጭ ከየት መጣ፣ አንዱ ከላይ ሌላው ከሥር የዋለው ስለ ምን ነው የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ፣ ለባሹ ድኻ ነው ተብሎ መዝገቡ ይዘጋል።

ድኻ መሆኑ እውነት ነው። ድኻ ግን መምረጥ አያውቅም ማለት አይደለም። ሐር ለባሹ በምርጫው ቢሳሳት ሌላ ያስመጣል፤ ድሪቶ ሰፊው ቢሳሳት ክረምቱን ሲንቀጠቀጥ ያሳልፈዋል። ስለዚህ ከሁለቱ መካከል ጨርቅን አገላብጦ፣ ዳስሶ፣ ወደ ብርሃን ዘርግቶ የመረመረ ማን ነው ቢባል፣ መልሱ ከድሪቶው ባለቤት አያልፍም።

ቃሉ «ደረተ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። መደረት ማለት እራፊን በእራፊ ላይ እየደራረቡ መስፋት ነው። ተናጋሪው ይህን ግሥ ከልብስ አውጥቶ ለጽሑፍም አውሎታል፤ ከዚህም ከዚያም ቃርሞ ያልተዋሐደ መጽሐፍ ያወጣ ሰው «ደረተው» ይባላል፣ ሥራውም ድሪቶ ይሆናል። ሃያስያንም ይህን ቃል በቴአትሩና በልብ ወለዱ ላይ እንደ ዱላ ሲያነሡት ኖረዋል። ድሪቶ ሰፍቶ የሚያውቅ ሰው ቢሰማቸው ግን በነገሩ ሳይገረም አይቀርም። ያልተዋሐደ ድሪቶ በመጀመሪያው እጥበት ይበተናልና።

መካነ ሰላም የወሎ ቦረና ዋና ከተማ ናት። 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ በስተምዕራብ ምድሩ ወደ ዐባይ ሸለቆ ያቆለቁላል፤ በስተምሥራቅ የለጋምቦ ደጋ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ሳይንት፣ ቦረና፣ ለጋምቦ፣ ከላላ፣ ወግዲ እየተባለ የሚጠራው ይህ አገር ሌሊቱ የሚቆረጥም፣ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ የሚወርድበት አገር ነው። ብርዱ ልብስ ይጠይቃል፤ ልብስ የሚሆነው ጥጥ ግን በደጋ አይበቅልም። ደገኛው የራሱ ያለው የበግ ጠጉር ነው፤ ከእርሱም ባናና በርኖስ ያሠራል። ጥጡ ከቆላ በአህያ ተጭኖ የሚወጣ፣ በገብስና በባቄላ የሚለወጥ ንብረት ነው። ከገበያ ከመጣ በኋላም ተፈልቅቆ፣ ተነድፎ፣ በእንዝርት ተፈትሎ ለሸማኔ እስኪደርስ ድረስ የእናቶች የስንት ምሽት ሥራ ነው። እንዲህ የተገኘ ሸማ ተቀደደ ተብሎ አይጣልም። የሚጣልበት ቀን ጭራሹን የለም ማለት ይቻላል፤ ከአገልግሎት ወደ አገልግሎት እየወረደ ይሄዳል እንጂ።

የአንድ ጋቢ ዕድሜ ይህን ያስረዳል። አዲስ ሳለ የክት ነው፤ ለበዓል፣ ለለቅሶ፣ ለሰርግ ይወጣል። ሲከርም የዘወትር ይሆናል። ሲሳሳ የሌሊት ልብስ፣ ከዚያም የልጅ ማቀፊያ ይሆናል። ጋቢ አራት እጥፍ ስለ ሆነ እርጅናው በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ መጀመሪያ የሚያልቀው ከትከሻ ላይ የሚያርፈው ቦታና የእጥፋቱ ጠርዝ ነው። መካከሉ ገና ጠንካራ ሆኖ ሳለ ዳርና ዳሩ ይተለተላል። ልብሱ ሞተ በሚባልበት በዚህ ሰዓት የድሪቶው ሥራ ይጀምራል።

የመጀመሪያው ምርጫ የመደቡ ምርጫ ነው። መደብ የሚሆነው ካለው ጨርቅ ሁሉ ሰፊውና ያልተቆራረጠው ነው፤ ብዙውን ጊዜ የአሮጌ ጋቢ ወይም የቡልኮ መካከል። ሌላው ሁሉ የሚሸከመው በእርሱ ነውና ቀለሙ አይታይም፣ ውበቱ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ወደ ብርሃን ሲዘረጋ ምን ያህል ቀዳዳ እንዳለው ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የድርና የማጉ አቅጣጫ ነው። በእጅ በተፈተለ ሸማ ድሩ ከርሮ የተፈተለ ቀጭንና ብርቱ ክር ሲሆን፣ ማጉ ለስለስ ያለና ወፈር ያለ ነው። እራፊው ከመደቡ ጋር ድሩ ከድሩ አቅጣጫ ሳይገጥም ከተሰፋ ልብሱ በተሸከመ ቁጥር አንዱ ሲሳብ ሌላው አልሳብ ይላል፤ መካከሉም ይጨማደዳል። ይህን ማንም በመጽሐፍ አላስተማረም። ጣት የሚያውቀው ዕውቀት ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ምርጫ የዕድሜ ምርጫ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 9 አዲስ እራፊን በአሮጌ ልብስ ላይ ስለ መጣፍ የተነገረው ምሳሌ ለደገኛው ትርጓሜ አያሻውም ነበር። ያልታጠበ አቡጀዴ ከፋብሪካው ይዞት በሚመጣው ሙጫ ምክንያት ደርቆና ጠንክሮ ሲታይ ደኅና ጨርቅ ይመስላል። በአሮጌ ሸማ ላይ ተሰፍቶ ውኃ ሲነካው ግን ሙጫው ይለቃል፣ ጨርቁ ይኮማተራል፣ በዙሪያው ያለውን የሳሳ ሸማም ይዞት ይቀደዳል። ስለዚህ አዋቂው ሰፊ ወይ አዲሱን ጨርቅ ደጋግሞ አጥቦ ያስረጀዋል፤ ወይም ከዕድሜ እኩያው ጋር ያጋባዋል። ክሩም እንዲሁ ነው። ከሳሳ ጨርቅ ይልቅ የበረታ ክር ጨርቁን እንደ ቢላዋ ይቆርጠዋል። ከዚያው ከአሮጌው ልብስ ጫፍ ተመዝዞ የወጣ ክር ግን ከጨርቁ ጋር አብሮ ያረጀ ነውና አይጣላውም።

የበግ ጠጉርና ጥጥም በአንድ ረድፍ አይውሉም፤ ጠጉሩ በታጠበና በታሸ ቁጥር እየጠበቀ ስለሚሄድ ጎረቤቱን ይስባል። የባና ቁራጭ ከተገኘ ቦታው በሁለት የጥጥ ጨርቆች መካከል ነው፤ ሙቀቱን ይሰጣል፣ ሻካራነቱም ከገላ ይርቃል። ከገላ ጋር የሚገናኘው የመጨረሻው ገበር ደግሞ ከሁሉም ያረጀውና የለሰለሰው ሸማ ይሆናል። ካኪ፣ ከተገኘ፣ ለትከሻና ለክርን ነው።

ቀለምስ? የድሪቶን ነገር ከችግር ብቻ የሚያይ ሰው በዚህ ጥያቄ ይስቅ ይሆናል። ነገር ግን የአሮጌ ነጠላ ጥለት ነጠላው ካለቀ በኋላም ብዙ ጊዜ በሕይወት ይኖራል፤ በጥብቅ የተሠራ ስለ ሆነ። ያ ቀይ ወይም አረንጓዴ ጥለት ተቆርጦ ወደ አንገት ወይም ወደ ዳር ሲመጣ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ቶሎ የሚያልቀውን ጠርዝ ያጠነክራል፣ በጢስ ከጠየመው መደብ ላይም ዓይን ያሳርፋል። ጥቅሙ ይቅደም ውበቱ ለመለየት ማስቸገሩ የሥራውን ማዕረግ ያሳያል እንጂ አያሳንሰውም።

ይህን ሁሉ የሚሰፋው ማን ነበር ለሚለው፣ በቀድሞው ልማድ መፍተል የሴት፣ መሸመንና መስፋት በብዛት የወንድ ሥራ እንደ ነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። በ19ኛው ምዕት ዓመት አገራችንን የጎበኙ አውሮፓውያን ወንዶች ልብስ ሲሰፉና ወንዝ ወርደው ሲያጥቡ አይተው፣ ከአገራቸው ልማድ ጋር ስላልገጠመላቸው ተደንቀው ጽፈዋል። እረኛውም የቆሎ ተማሪውም ድሪቶውን የሚሰፋው በገዛ እጁ ነበር። ተማሪው ደበሎውን ደርቦ፣ በሰንበት የለመናትን እራፊ በመርፌ ሲያያይዝ ቅኔውን ያሰላስላል። በዚያው ደጋ ያለው ደረሳም ከዚህ የተለየ ኑሮ አልነበረውም። እንዲያውም በክርስትናውም በእስልምናውም ወገን ዓለምን የናቁ ሰዎች የተጣፈ ልብስን በፈቃዳቸው መርጠው ለብሰዋል፤ መናኙ በገዳሙ፣ ሱፊው በዛውያው። ለነዚህ ሰዎች ድሪቶ ማዕረግ ነበር። ለገባሩ ግን ምርጫው ከጨርቁ ውስጥ እንጂ ከጨርቁ ውጭ አልነበረም፤ ይህን ልዩነት መሸፋፈን ተገቢ አይደለም።

እራፊን መርጦ ለሌላ ሥራ ማዋል የድኻ ብቻ ልማድ አልነበረም። ይህ አገር ቀድሞ አማራ የሚባለው የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት ግዛት እምብርት ነበር። ዐፄ በእደ ማርያም ያሳነጿት አትሮንሰ ማርያም፣ ዐፄ ናዖድ ጀምረውት ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት መካነ ሥላሴ የቆሙት በዚሁ ደጋ ነው። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በመካነ ሥላሴ የግምጃና የከፋይ መጋረጃዎችን አይቶ ጽፏል። ሁለቱም አብያተ ክርስቲያናት በ1524 ዓ.ም. በኢማም አሕመድ ዘመቻ ተቃጠሉ፤ ከወርቁ ጋር ሐሩም ተዘረፈ።

ያ ሁሉ ግምጃ ከህንድ፣ ከዐረብ አገርና ከዚያም ወዲያ በባሕር የመጣ ነው። እንዲህ ያለ ጨርቅ ሲያረጅ ወዴት ይሄዳል? አንዱ መንገድ ወደ መጽሐፍ ነው። የብራና መጽሐፍ ሲደጎስ ቆዳው በእንጨቱ ገበታ ላይ ተጠቅልሎ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ በገበታው ውስጠኛ ገጽ መካከል ላይ ባዶ አራት ማዕዘን ይቀራል። ደጓሹ ያንን ቦታ በጨርቅ ይሸፍነዋል። የሚመርጠውም ካለው ያማረውን ነው፤ የሐር ቁራጭ፣ የከፋይ ቅዳጅ፣ አበባ የታተመበት የህንድ ጥጥ። ሥዕል ባለበት ገጽም ላይ ስስ እራፊ እንደ መጋረጃ ይሰፋል። አንድ መጽሐፍ ሲከፈት የግራው ገበታ በአንድ ጨርቅ፣ የቀኙ በሌላ ተሸፍኖ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የተገኘው ቁራጭ ያን ያህል ነበርና። የጥንት ጨርቃ ጨርቅ አጥኚዎች ዛሬ እነዚህን የእጅ መዳፍ የሚያህሉ እራፊዎች እየመረመሩ የቀይ ባሕርን ንግድ ታሪክ ያነብባሉ። ልብሶቹ አልቀዋል፤ እራፊዎቹ አሉ።

ሌላው መንገድ ክርን መልሶ ክር ማድረግ ነው። ከ1762 እስከ 1764 ዓ.ም. በአገራችን የተቀመጠው ስኮትላንዳዊ ጀምስ ብሩስ እንደ ጻፈው፣ የአገሩ ሠራተኞች ሰማያዊ ቀለም ሲያስፈልጋቸው ከህንድ የመጣውን ሰማያዊ ጨርቅ ክሩን እየመዘዙ ፈትተው በራሳቸው ሥራ ውስጥ መልሰው ይሸምኑት ነበር። ጥለት የሚባለው ጌጥ በከፊል ከዚህ ዓይነት ብልሃት የተገኘ መሆኑን ያስተዋለ ሰው፣ በንጹሕ ሸማና በድሪቶ መካከል ያለው ግንብ የሚመስለውን ያህል ወፍራም አለመሆኑን ይረዳል።

ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ሳይንትን አልፎ፣ መቅደላ አለ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ካለፉ በኋላ አምባው ተዘረፈ። ሐር፣ ምንጣፍ፣ ድንኳን፣ አልባሳት በየሜዳው ተበተነ፤ የተመረጠው ዘረፋ በ15 ዝሆኖችና 200 ገደማ በሚሆኑ በቅሎዎች ተጭኖ በደላንታ ሜዳ ለሐራጅ ቀረበ። የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስና ኩታ ዛሬ ለንደን በሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ውስጥ ነው፤ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት፣ በየገበታቸው ውስጥ ካሉት እራፊዎች ጋር፣ ወደ ብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ገብተዋል። ከሁሉም ይልቅ ግን ለጉዳያችን የሚቀርበው የንጉሠ ነገሥቱ የገዛ ልብስ ዕጣ ነው። ወታደሮቹ ደም የነካውን ሸሚዝ ለማስታወሻ እየቀደዱ ተካፈሉት። ከራሳቸው ላይ የተቆረጠው ጠጉር በለንደን የጦር ሠራዊት ቤተ መዘክር ኖሮ በ2011 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል። በዚያ አምባ ሥር ያለው ደገኛ ከእራፊ ልብስ ሲሠራ፣ ከባሕር ማዶ የመጣው ወታደር ከልብስ እራፊ ሠራ።

ከዚያ ወዲህ የድሪቶው ይዘት ተለወጠ። በ19ኛው ምዕት ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ያልነጣ ጥጥ፣ ማለት አቡጀዴ፣ በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል እየገባ ወደ ደጋው ገበያ ወጣ። በ1920ዎቹ ዓ.ም. የጃፓን ጨርቅ በዋጋ ርካሽነቱ ቦታውን ነጠቀው። ከጣልያን ወረራ በኋላ የወታደር ካኪ በዛ። የድሬዳዋው ፋብሪካ፣ ከዚያም በ1953 ዓ.ም. የባሕር ዳሩ፣ በ1970ዎቹም እዚያው ወሎ ውስጥ የኮምቦልቻው ተከተሉ፤ በዚያው ዘመን ገበሬው አቡጀዴውን ከጨውና ከሳሙና ጋር በኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅ በኩል ይገዛ ነበር። ከአንድ ቤት የተገኘ አንድ ድሪቶ ቢፈታ፣ ከመደቡ የእናት ፈትል፣ ከላዩ የአሜሪካ ጥጥ፣ ከትከሻው የዘማች ካኪ፣ ከዳሩ የአያት ጥለት ሊወጣ ይችላል። ባለቤቱ ደብዳቤ አልጻፈም፤ ዓለም ግን በትከሻው ላይ ተፈርሟል።

ስለ ድሪቶ የሚጻፍ ጽሑፍ ቅማልን ሳይጠራ ቢያልቅ ሐሰተኛ ይሆናል። ስፌት በበዛ ቁጥር ተባይ የሚሸሸግበት ቦታ ይበዛል፤ የልብስ ቅማል እንቁላሉን የሚጥለው በስፌቱ እጥፋት ውስጥ ነውና። ተስቦና የሚያገረሽ ትኩሳት በዚህ መንገድ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ስለዚህ ብልሁ ሰፊ ረድፉን ያሳንሳል፣ እጥፋቱንም ክፍት ይተዋል፣ ልብሱ በፈላ ውኃ እንዲቀቀል። ይህም የምርጫው አካል ነበር፤ የፈላ ውኃ የማይችል ጨርቅ ቢያምርም አይገባም። ነገር ግን ማገዶ ባልተገኘበት፣ ቅያሬም በሌለበት ቤት ልብስን ቀቅሎ እስኪደርቅ ምን ተለብሶ ይቆያል? በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ እንደገናም በ1977 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረኀብ ይህን ጥያቄ የሞትና የሕይወት አደረገው። ረኀብተኛው ከብቱን ሸጠ፣ ዕቃውን ሸጠ፣ ደኅናውን ጋቢ ሸጠ። ድሪቶውን የሚገዛው ስለሌለ ያ ብቻ ከእርሱ ጋር ወደ መጠለያው ሄደ፤ በመጠለያውም መጨናነቅ ውስጥ ተስቦ ጠበቀው። ዓለም በፎቶግራፍ ያየው የወሎ ሰው ልብስ ይህ ነው። የተመለከተው ሁሉ ዓይኑን ወደ ተጎሳቆለው ፊት አደረገ፤ ትክክልም ነበር። ልብሱን ግን ማንም አላነበበውም።

ይህ ዓይነት ልብስ በሌላው ዓለም ያገኘው ዕድል ለንጽጽር ይጠቅማል። በቤንጋል እናቶች ያረጁ ሳሪዎችን ደራርበው ካንታ የተባለውን መደረቢያ ይሰፋሉ፤ የመስፊያውንም ቀለም ክር ቀድሞ ከሳሪው ጥለት ይመዝዙት ነበር፤ ብሩስ ካየው ሥራ ጋር አንድ ዓይነት ብልሃት ነው። በሰሜን ጃፓን፣ እንደ ወሎ ደጋ ሁሉ ጥጥ በማይበቅልበት ብርዳም አገር፣ ገበሬዎች ቦሮ የሚባለውን ድሪቶ ለትውልድ ያወርሱ ነበር። ቀድሞ የሚታፈርበት ይህ ልብስ በ2002 ዓ.ም. ቶኪዮ በተከፈተ ቤተ መዘክር ለሕዝብ ታየ። በአሜሪካ አላባማ፣ ጂስ ቤንድ በተባለች መንደር ያሉ የባሮች ተወላጅ እናቶች ከሥራ ሱሪና ከከረጢት የሰፏቸው የአልጋ ልብሶች በ1995 ዓ.ም. ገደማ በሂውስተንና በኒው ዮርክ ታላላቅ ቤተ መዘክሮች ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። እነዚያ እናቶች የትኛው ቁራጭ ከማን ልብስ እንደ ወጣ በየስማቸው ቆጥረው ተናግረዋል፤ የባል ሱሪ፣ የሟች ሸሚዝ። ጠያቂ ስላገኙ ተናገሩ። ጨርቁን ለማወደስ ድህነቱን ማወደስ አላስፈለገም።

በወሎ ደጋ የጠያቂው ተራ ሊያልፍ የተቃረበ ይመስላል። ሰልባጁ መካነ ሰላም ከደረሰ ወዲህ እራፊው ራሱ ጠባዩን ለውጧል። ካናቴራ ተለጣጭ ነው፤ በሽመና ከተሠራ ጨርቅ ጋር አይስማማም። ናይለን ክርን አያቅፍም፣ በእሳት አጠገብ ይቀልጣል፣ ላብም አይጠጣም። የፈላ ውኃ ፈተናንም አብዛኛው አያልፍም። በድሮው ሕግ ቢመዘኑ ከመደብ እስከ ገበር ቦታ የሚያገኙ ጥቂቶች ናቸው። ድሪቶ የሰፋው ትውልድ አርጅቷል፤ ልጆቹ ብርድ ልብስ ከገበያ ይገዛሉ፣ መግዛታቸውም ደግ ነው። የሰፋበትን ምክንያት ለመርሳት የሚፈልግ ሽማግሌ ድሪቶውን አላስቀመጠውም፤ አንዱ የአህያ ግላስ፣ አንዱ የበር መወተፊያ፣ አንዱ የምድጃ መወልወያ ሆኖ አልቋል። ከልብስ ሰፊው መኪና ሥር የሚጠረገው ቁርጥራጭ ግን ዛሬም ይለቀማል። ጥጡ ከናይለኑ ተለይቶ በትራስ ውስጥ ይጠቀጠቃል፤ ናይለኑ ለእሳት መለኮሻ ይቀራል።